አራት ወር ያልተገኘው ሌፕቶስፓይሮሲስ፦ ምርመራዎቹ ለምን «የለም» አሉ?

መነሻ

በ2013 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ዊስኮንሲን ግዛት ውስጥ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ትኩሳትና ራስ ምታት ይዞት ሆስፒታል ገባ። ታክሞ ወጣ፤ ሕመሙ አገረሸበትና ተመለሰ። በአራት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ተኝቶ ታከመ። በሦስተኛው ጊዜ አንጎሉ ውስጥ ፈሳሽ ተጠራቀመ፤ የሚጥለው ሕመም አላቋርጥ ስላለም ሐኪሞቹ በመድኃኒት ራሱን እንዲስት ከማድረግ ሌላ አማራጭ አልነበራቸውም። ደሙ ተመረመረ፤ ከጀርባው የተቀዳው ፈሳሽ ተመረመረ፤ በመጨረሻም ከአንጎሉ በቀዶ ሕክምና ናሙና ተወስዶ ታየ። መንስኤው አልተገኘም።

ልጁን ያሠቃየው ሌፕቶስፓይራ የተባለ ባክቴሪያ ነበር። የሚያመጣው በሽታ ሌፕቶስፓይሮሲስ ይባላል፤ በዋጋው ርካሽ በሆነው በፔኒሲሊን ይታከማል። ጉዳዩ በ2014 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ከታተመ ወዲህ ስሙ የሚነሳው በአብዛኛው በሽታውን ላገኘው አዲስ የጂን ንባብ ዘዴ ማሳያ ሆኖ ነው። እዚህ የሚመዘገበው ግን በሌላ ምክንያት ነው። ሌፕቶስፓይሮሲስን ለይቶ ለማወቅ በክሊኒክ ደረጃ የሚሠራባቸው ምርመራዎች ለዚህ ልጅ ኔጌቲቭ ውጤት ሰጥተዋል። በሽታው እያለ ውጤቱ «የለም» የሆነበትን መንገድ ደረጃ በደረጃ ማየት፣ ትኩሳት ያለበትን ሰው ናሙና ለሚቀበል ላቦራቶሪ ሁሉ ይጠቅማል።

የልጁ ሁኔታና የባክቴሪያው ባሕርይ

ልጁ ከተፈጥሮው የሰውነት መከላከያው እጅግ የተዳከመ ነበር። ኤስሲአይዲ በሚባለው በዘር የሚወረስ ችግር የተነሳ ለበሽታ መከላከያ የሚያስፈልጉት ሴሎች በወጉ አይሠሩለትም። ሁለት ጊዜ የአጥንት መቅኒ ንቅለ ተከላ ተደርጎለት መከላከያው በከፊል ብቻ አገግሟል። ከመታመሙ በፊት ወደ ፖርቶ ሪኮ ተጉዞ ነበር። እነዚህ ሁለት ነጥቦች፣ የመከላከያው ድካምና ጉዞው፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ሁሉ ለመረዳት ቁልፍ ናቸው።

ሌፕቶስፓይራ እንደ ጥምዝ ክር ያለ፣ ጫፉ የተቆለመመ ባክቴሪያ ነው። ውፍረቱ 0.1 ማይክሮሜትር ገደማ በመሆኑ በተለመደው የግራም ቀለም አይታይም፤ የሚታየው በዳርክ ፊልድ፣ ማለትም ዳራውን አጨልሞ ተሕዋሲውን አብርቶ በሚያሳይ ማይክሮስኮፕ ነው። በአይጥ፣ በውሻ፣ በከብትና በአሳማ ኩላሊት ውስጥ ይኖራል፤ ከሽንት ጋር ወጥቶ ውሃና እርጥብ አፈር ይበክላል። ወደ ሰው የሚገባው በተጫረ ቆዳ ወይም በዓይን፣ በአፍና በአፍንጫ ስስ ሽፋን በኩል ነው። በ2015 የታተመ ግምት በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.03 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደሚይዝና 58,900 ያህል እንደሚገድል አስቀምጧል። ብዙው ታማሚ ወባ፣ ታይፎይድ ወይም ዴንጊ ነው ተብሎ ስለሚታከም በሽታው በመዝገብ ላይ ከሚገባው በታች ይታያል።

ለላቦራቶሪ ሰው ትልቁ ነገር የቀን አቆጣጠሩ ነው። ጤናማ መከላከያ ባለው ሰው ላይ ባክቴሪያው በመጀመሪያው ሳምንት በደም ውስጥ ይዘዋወራል፤ በእነዚህ ቀናት በህብለ ሰረሰር ፈሳሽ ውስጥም ሊገኝ ይችላል። ከአምስተኛው እስከ ሰባተኛው ቀን ድረስ አይጂኤም የተባለው የመጀመሪያው አንቲቦዲ (ሰውነት በሽታን ለመከላከል የሚሠራው ፕሮቲን) ብቅ ማለት ይጀምራል። አንቲቦዲው ሲበረታ ባክቴሪያው ከደም ይጸዳና በኩላሊት ቱቦዎች ውስጥ ይቀራል፤ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ በሽንት ይወጣል። ስለዚህ በሦስተኛው ቀን የሚገኘው ባክቴሪያው ራሱ ነው፤ በ12ኛው ቀን የሚገኘው ደግሞ ሰውነት ለባክቴሪያው የሰጠው መልስ ነው። ሁለቱን የሚፈልጉት ምርመራዎች የተለያዩ ናቸው፤ በተሳሳተ ቀን የተላከ ናሙና በትክክል ተሠርቶም ኔጌቲቭ ይወጣል።

ችግሩ

ሐኪሞቹ የገጠማቸው የማጅራት ገትርና የአንጎል ብግነት ምልክት ነበር። የዚህ ምልክት መንስኤ ዝርዝር ረጅም ነው፦ ቫይረስ፣ ቲቢ፣ ፈንገስ፣ ጥገኛ ተሕዋስያን፣ ሰውነት ራሱን የሚያጠቃበት ሕመም። የተለመደው አሠራር ከዝርዝሩ አንድ በአንድ እየጠረጠሩ ለእያንዳንዱ የተለየ ምርመራ ማዘዝ ነው። እያንዳንዱ ፒሲአር፣ ማለትም የተሕዋሲን ጂን አባዝቶ የሚፈልግ ምርመራ፣ እና እያንዳንዱ የአንቲቦዲ ምርመራ የሚመልሰው የተጠየቀውን አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ማንም ያልጠረጠረውን ነገር የሚፈልግ ምርመራ በዝርዝሩ ውስጥ የለም።

ሌፕቶስፓይሮሲስ በዊስኮንሲን ሐኪም ሐሳብ ላይ ቶሎ አይመጣም። መጽሐፍ ላይ የሚታወቀው መልኩ በድንገት የሚጀምር ትኩሳት፣ የባት ጡንቻ ሕመም፣ የዓይን መቅላት፣ ከባድ ሲሆንም የወፍ በሽታ፣ የኩላሊት መድከምና የሳንባ መድማት ነው። ከጉዞ ወራት በኋላ የመጣና ለወራት የቆየ የአንጎል ሕመም ከዚህ ሥዕል ጋር አይገጥምም። መከላከያው ደህና የሆነ ሰው ባክቴሪያውን በሳምንታት ውስጥ ከደሙና ከህብለ ሰረሰሩ ፈሳሽ ያጸዳዋል። ይህ ልጅ ግን የሚያጸዳው መሣሪያ አልነበረውም። በሽታው ባልተለመደ መልክ የተራዘመው በዚሁ ምክንያት ነው፤ የአንቲቦዲ ምርመራዎቹም ያመለጣቸው በዚሁ ሊሆን ይችላል።

የተወሰደው እርምጃ

በሦስተኛው የሆስፒታል ቆይታ ከልጁ የተወሰደ የህብለ ሰረሰር ፈሳሽና ሴረም (ደም ከረጋ በኋላ የሚለየው ፈሳሽ)፣ በምርምር ፕሮቶኮል ሥር፣ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ፍራንሲስኮ ወደሚገኝ ቡድን ተላከ። ዘዴው ሜታጂኖሚክ ሲክዌንሲንግ ይባላል። በናሙናው ውስጥ ያለው ዲኤንኤና አርኤንኤ በጠቅላላ፣ የማን እንደሆነ አስቀድሞ ሳይመረጥ ይነበባል፤ ከዚያ ኮምፒውተር የሰውየውን የራሱን ጂን አውጥቶ ይጥልና የቀረውን ከሚታወቁ ተሕዋስያን ጋር ያመሳክራል። ንባቡ በኢሉሚና ማይሴክ ማሽን ተካሄደ። ናሙናው ከደረሰ በኋላ መልሱ የተገኘው በ48 ሰዓት ውስጥ ነው፤ ከዚህ ውስጥ የኮምፒውተሩ ትንተና የወሰደው ከሁለት ሰዓት በታች ነበር።

ከህብለ ሰረሰሩ ፈሳሽ 3,063,784 ቁርጥራጭ ንባቦች ወጡ። የሌፕቶስፓይራ የሆኑት 475 ነበሩ፤ ከጠቅላላው 0.016 በመቶ ማለት ነው።

ይህ ቁጥር ሁለት ነገር ያሳያል። አንደኛ፣ የባክቴሪያው መጠን ከሰው ጂን ጋር ሲተያይ ምን ያህል ትንሽ እንደነበር። ሁለተኛ፣ ለምን በጥንቃቄ መታየት እንደሚገባው። የሌፕቶስፓይራ ዘመዶች በጅረትና በቧንቧ ውሃ ውስጥ በነጻ የሚኖሩ፣ ሰው የማያሳምሙ ዝርያዎችን ያካትታሉ፤ ከላቦራቶሪ ውሃ ወይም ከኬሚካል ሊገባ የሚችል ብክለት ሁልጊዜ መጠርጠር አለበት። ከሚሊዮኖች ጥቂት መቶዎችን ይዞ «አገኘሁ» ከማለት በፊት የሚጠየቁት ጥያቄዎች የታወቁ ናቸው። ንባቦቹ ከአንድ ቦታ ብቻ የተባዙ ናቸው ወይስ ከጂኖሙ ልዩ ልዩ ቦታ የመጡ? የሚቀርቡት ለበሽታ አምጪው ዝርያ ነው ወይስ በውሃ ውስጥ ለሚኖረው? አብሮ የተሠራው ባዶ ናሙና ንጹሕ ነው? ልጁ ተጋልጦ ሊሆን የሚችልበት ታሪክስ አለ? የፖርቶ ሪኮው ጉዞ የመጨረሻውን ጥያቄ ይመልሳል፤ ሌፕቶስፓይሮሲስ በካሪቢያን የታወቀ በሽታ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ውሳኔ ከባድ ነበር። ውጤቱ የወጣው በጊዜው ለሕክምና አገልግሎት ገና ማረጋገጫ ካልተሰጠው ዘዴ ነበር፤ ለሌፕቶስፓይሮሲስ የተሠሩት የክሊኒክ ምርመራዎች ደግሞ ኔጌቲቭ ሆነዋል። ሐኪሞቹ ለባክቴሪያው የታለመውን ጸረ ተሕዋስያን መድኃኒት፣ ፔኒሲሊንን፣ በደም ሥር ጀመሩ። በሁለት ሚዛን ሲታይ ትክክለኛ ውሳኔ ነው፦ ፔኒሲሊን ርካሽና ጉዳቱ የሚታወቅ መድኃኒት ነው፤ ልጁ ደግሞ እየሞተ ነበር። ልጁ ቀስ በቀስ አገገመ፤ ከ32 ቀን በኋላም ከመታመሙ በፊት ወደነበረበት በተቃረበ ሁኔታ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ማረጋገጫው የመጣው በኋላ ነው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ሲዲሲ በፒሲአርና በአንቲቦዲ ምርመራ ሌፕቶስፓይራ ሳንታሮሳይ በተባለው ዝርያ መያዙን የሚያሳይ ማስረጃ አገኘ።

የተለመዱት ምርመራዎች የሚስቱበት ቦታ

አንቲቦዲን የሚፈልግ ምርመራ፣ ኤሊሳ የተባለው የላቦራቶሪ ምርመራም ይሁን በጣት ደም የሚሠራ ፈጣን ኪት፣ የሚለካው የታማሚውን መልስ ነው። አንቲቦዲ በወጉ የማያመርት ሰው በባክቴሪያ ተሞልቶም ኔጌቲቭ ይሆናል። ነገሩ በተቃራኒውም ያስታል፦ መከላከያቸው የደከመ ሕሙማን ብዙ ጊዜ ከለጋሾች ደም የተዘጋጀ ኢሚዩኖግሎቡሊን ይወስዳሉ፤ ከዚያ በኋላ በሴረማቸው ውስጥ የሚገኘው አይጂጂ የተባለው አንቲቦዲ የለጋሹ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ሰው ላይ ኔጌቲቩም ፖዚቲቩም ብቻውን አይታመንም። የኤችአይቪ ሕመሙ የከፋበት፣ የካንሰር መድኃኒት የሚወስድ ወይም ለረጅም ጊዜ ስቴሮይድ ላይ የቆየ ሰው ላይም ያው ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

በአንቲቦዲ ምርመራዎች ላይ ዳኛ ተደርጎ የሚቆጠረው ማት የሚባለው በማይክሮስኮፕ የሚታይ የመያያዝ ምርመራ ነው። የታማሚው ሴረም በእጥፍ በእጥፍ ይቀጠናል፤ በምርመራ ሰሌዳው ላይ ባሉት ትናንሽ ጉድጓዶች ሕይወት ያለው ሌፕቶስፓይራ ይጨመራል፤ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ለሁለት ሰዓት ያህል ይቆያል፤ ከዚያ እያንዳንዱ ጠብታ በዳርክ ፊልድ ይታያል። መልሱ ባክቴሪያዎቹ ግማሽ ያህሉ ተያይዘው የተገኙበት የመጨረሻው ቅጥነት ነው፤ ይህም ታይተር ይባላል። በወጉ የሚሠራ ላቦራቶሪ 20 እና ከዚያ በላይ የባክቴሪያ ዓይነቶችን ሕያው አድርጎ በየሳምንቱ ያራባል። አካባቢው ላይ ያለው ዓይነት ከስብስቡ ውስጥ ከሌለ ታይተሩ ዝቅ ይላል ወይም ጭራሽ ይጠፋል፤ ለዚህ ነው ከሌላ አህጉር የተቀዳ ስብስብ የአገር ውስጡን በሽታ የሚስተው። በተጨማሪ፣ በበሽታው መጀመሪያ ላይ ሴረሙ ከያዘው ዓይነት ይልቅ ለሌላ ዓይነት ከፍ ያለ መልስ ሊሰጥ ይችላል፤ ከማት ውጤት ተነስቶ «የያዘው ይህ ሴሮቫር (የባክቴሪያው ዓይነት) ነው» ማለት ስህተት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ማት በራሱ የሚያረጋግጠው በሁለት ናሙና ነው። የመጀመሪያው ታማሚው እንደመጣ፣ ሁለተኛው ከ10 እስከ 14 ቀን በኋላ ይቀዳል፤ ታይተሩ አራት እጥፍና ከዚያ በላይ ካደገ በሽታው ተረጋግጧል። በአሜሪካው የጉዳይ አመዳደብ መሠረት አንድ ናሙና ብቻ ሲኖር 1፡800 እና ከዚያ በላይ የሆነ ታይተር ይፈለጋል፤ በሽታው በሚበዛበት አካባቢ ግን ቀድሞ የተያዘ ሰው ለረጅም ጊዜ አንቲቦዲ ስለሚይዝ ነጠላ ቁጥር በጥንቃቄ ይነበባል። በተግባር የሚበላሸው ሁለተኛው ናሙና ላይ ነው። የዳነው አይመለስም፤ የሞተው አይገኝም። በጣም የታመሙትና አንቲቦዲ ሳይደርስላቸው የሞቱት ከመዝገብ የሚወድቁት በዚህ በኩል ነው።

ፒሲአር የታማሚውን መልስ ስለማይጠብቅ ለእንደዚህ ዓይነቱ ልጅ የተሻለ መሆን ነበረበት። እሱም ግን የራሱ ወጥመድ አለው። ከ60 በላይ የሌፕቶስፓይራ ዝርያዎች ይታወቃሉ። ፕራይመሮቹ፣ ማለትም የሚፈለገውን ጂን የሚይዙት አጫጭር የዲኤንኤ ቁርጥራጮች፣ የተነደፉት በጥቂት የታወቁ ዝርያዎች ጂን ላይ ተመሥርተው ከሆነና የታማሚው ባክቴሪያ በዚያ ቦታ ላይ ጥቂት ፊደል ከተለየ፣ ምላሹ ይደክማል ወይም አይነሳም። ብዙ ላቦራቶሪዎች የሚፈልጉት ሊፕኤል32 የተባለው ጂን በበሽታ አምጪዎቹ ላይ ብቻ ስለሚገኝ ሐሰተኛ ፖዚቲቭን ይቀንሳል፤ ሁሉንም በእኩል አቅም ግን አይዝም። ከዚህ ላይ በፈሳሹ ውስጥ ያለው የባክቴሪያ ብዛት አነስተኛ ሲሆን፣ ቀድሞ የተሰጠ ጸረ ተሕዋስያን መድኃኒት ሲኖር ወይም ናሙናው ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ሄፓሪን ባለበት ቱቦ ሲቀዳ መልሱ ኔጌቲቭ ይሆናል።

ካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያውን በላቦራቶሪ ማራባት፣ ፖዚቲቭ ሲሆን አያከራክርም፤ ግን ለታመመው ሰው አይደርስለትም። ኢኤምጄኤች በሚባለው ማብቀያ፣ ከ28 እስከ 30 ዲግሪ ላይ፣ በጨለማ ይቀመጣል፤ በየሳምንቱ ጠብታ እየተወሰደ ይታያል፤ ባዶ ነው ተብሎ የሚጣለው ከወራት በኋላ ነው።

በቀጥታ ደምን ወይም ሽንትን በዳርክ ፊልድ ማየት ለውሳኔ አይበቃም። በአንድ ሚሊሊትር ውስጥ 10,000 ያህል ባክቴሪያ ከሌለ ዓይን አያገኘውም። ከዚህ የከፋው ግን በሐሰት ማግኘቱ ነው። ደም ሲረጋ የሚፈጠሩ የፋይብሪን ክሮችና ከቀይ የደም ሴል ጠርዝ የተቀደዱ ቀጫጭን ቁርጥራጮች በጨለማው ላይ ብር መስለው ይንቀጠቀጣሉ፤ ልምድ ያለውን ሰው እንኳ ያታልላሉ። ልዩነቱ እንቅስቃሴው ላይ ነው፦ ሌፕቶስፓይራ በዘንጉ ላይ በፍጥነት እየተሽከረከረ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳል፤ ክሩ ግን ባለበት ቦታ ይወዛወዛል እንጂ አቅጣጫ የለውም።

ዳኛው ራሱ ሲጎድል

የአንድ ምርመራ ትክክለኛነት በሁለት ቁጥር ይገለጻል። ሴንሲቲቪቲ በእርግጥ ከታመሙት መካከል ምርመራው ስንቱን እንደያዘ ይናገራል፤ ስፔሲፊሲቲ ደግሞ ካልታመሙት መካከል ስንቱን በትክክል ነጻ እንዳለ። ሁለቱም የሚሰሉት «በእርግጥ የታመመው ማን ነው» የሚለውን ሌላ ምርመራ ሲወስን ነው። ለሌፕቶስፓይሮሲስ ለአሥርተ ዓመታት ዳኛ ሆኖ የኖረው ካልቸርና ማት በአንድነት ነው።

በ2012 የታተመ የታይላንድ ትንተና ይህን ዳኛ ራሱን ፈተነ። በአራት ጥናቶች የተካተቱ 1,652 ታማሚዎችን መረጃ ወስዶ፣ የትኛውንም ምርመራ ፍጹም ነው ብሎ ሳይነሳ በስታትስቲክስ ሞዴል አሰላ። የማት ሴንሲቲቪቲ 49.8 በመቶ፣ የካልቸር 10.5 በመቶ፣ የሁለቱ በአንድነት 55.5 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ስፔሲፊሲቲያቸው ግን ከ98 በመቶ በላይ ነበር። በሌላ አነጋገር፣ እነሱ «አለ» ሲሉ ማመን ይቻላል፤ «የለም» ሲሉ ግን ከታመሙት ግማሽ ገደማውን ጥለው ሊሆን ይችላል።

ከዚህ የሚከተለው ለኪት ገዢ ሁሉ ጠቃሚ ነው። በሦስተኛው ቀን ፒሲአር ፖዚቲቭ ሆኖ ማት ኔጌቲቭ የሆነበት ታማሚ፣ በድሮው ስሌት የፒሲአሩ «ሐሰተኛ ፖዚቲቭ» ተብሎ ይቆጠራል። ጥሩው ምርመራ በደካማው ዳኛ ተፈርዶበት ዝቅ ያለ ቁጥር ያገኛል። ስለዚህ በኪቱ ሳጥን ላይ ያለውን መቶኛ ከማንበብ በፊት ዳኛው ማን እንደነበር፣ ናሙናዎቹ በስንተኛው ቀን እንደተቀዱና «ጤነኛ» የተባሉት ሰዎች እነማን እንደነበሩ መጠየቅ ያስፈልጋል። ጤነኛ የተባሉት የደም ለጋሾች ከሆኑ ስፔሲፊሲቲው ያማረ ይሆናል፤ ወባ፣ ዴንጊ ወይም ሌላ ትኩሳት ያለባቸው ከሆኑ ግን ይወርዳል። ኪቱ ነገ የሚሠራው ደግሞ በለጋሾች ላይ አይደለም።

የሠራውና ያልሠራው

በልጁ ጉዳይ ላይ የሠራው ዋናው ነገር ሳይጠረጠር የሚፈልግ ዘዴ በትክክለኛው ፈሳሽ ላይ መዋሉ ነው። ሕመሙ አንጎል ላይ ነበር፤ የተነበበውም የህብለ ሰረሰር ፈሳሽ ነው። ሁለተኛው፣ ውጤቱ ሕክምናን ሊቀይር በሚችልበት ጊዜ መድረሱ ነው። ሦስተኛው፣ ኔጌቲቭ የሆኑት ምርመራዎች ሕክምናውን አለማስቀረታቸው ነው። አንቲቦዲ በወጉ በማያመርት ሰው ላይ የአንቲቦዲ ምርመራ ኔጌቲቭ መሆኑ ሚዛን ላይ የሚጨምረው ጥቂት ነው።

ያልሠራው ደግሞ አንድ በአንድ እየጠረጠሩ ማዘዝ ነው። ቀዶ ሕክምና የጠየቀው የአንጎል ናሙናም ለአደጋው የሚመጥን መልስ አላመጣም።

የጂን ንባቡም ቢሆን ሁሉን አዋቂ ተደርጎ መታየት የለበትም። በ2019 የታተመ፣ 204 ታማሚዎችን ያካተተ የአሜሪካ ጥናት በ57 ታማሚዎች ላይ 58 የነርቭ ሥርዓት ኢንፌክሽኖች ለይቷል። ከእነዚህ 13ቱን ያገኘው የህብለ ሰረሰር ፈሳሽ የጂን ንባብ ብቻ ነው፤ 19ኙን ከሌሎች ምርመራዎች ጋር አብሮ አገኘ፤ 26ቱ ግን አመለጡት። ካመለጡት ውስጥ 11ዱ በአንቲቦዲ ምርመራ ብቻ የተገኙ ናቸው፤ 7ቱ የተገኙት ከሌላ የሰውነት ክፍል በተወሰደ ናሙና ነው፤ በ8ቱ ደግሞ ተሕዋሲው በፈሳሹ ውስጥ እጅግ ጥቂት ነበር። ስለዚህ ውዱ ማሽን ርካሹን የአንቲቦዲ ምርመራ አይተካም። መከላከያው ደህና በሆነ ሰው ላይ፣ በሦስተኛው ሳምንት፣ ማት ከጂን ንባብ ሊበልጥ ይችላል።

ወደ ሌላ ላቦራቶሪ የሚወሰደው

በመጀመሪያ ናሙናው። መድኃኒት ከመሰጠቱ በፊት ለፒሲአር ደም ኢዲቲኤ (ሌላው ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ኬሚካል) ባለበት ቱቦ ይቀዳ፤ ሄፓሪን ፒሲአሩን ያፍናል። ለአንቲቦዲ ሴረም በተራ ቱቦ ይቀዳ፤ ከፍሎ ማስቀመጥ ሁለተኛው ናሙና ሲመጣ ሁለቱን በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰሌዳ ላይ ለመሥራት ያስችላል። በተለያየ ቀን የተሠሩ ታይተሮች መካከል የአንድ ደረጃ ልዩነት ከሥራው ራሱ ሊመጣ ይችላል። ካልቸር ከተፈለገ ሲትሬት ባለበት ቱቦ አይቀዳም፤ ባክቴሪያውን ይጎዳል። ወደ ማብቀያው የሚገባው ደምም ጥቂት ጠብታ ብቻ ይሁን፤ ደሙ ሲበዛ በውስጡ ያለው መከላከያ እድገቱን ያግደዋል። ሽንት የሚጠቅመው ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ ነው፤ አሲድ የሆነ ሽንት ባክቴሪያውን ቶሎ ስለሚገድለው በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊሠራ ይገባል። የህብለ ሰረሰር ፈሳሽ ሲቀዳ ከመደበኛው ምርመራ የተረፈው አይጣል፤ በትናንሽ ቱቦ ተከፍሎ ከዜሮ በታች 70 ዲግሪ ላይ ቢቀመጥ፣ ከሳምንታት በኋላ አዲስ ጥያቄ ሲነሳ መልስ የሚሰጠው እሱ ነው። መልሶ መላልሶ ማቅለጥና ማቀዝቀዝ ግን ያበላሸዋል።

ቀጥሎ የመጠየቂያ ወረቀቱ። ሕመሙ የጀመረበት ቀን ካልተጻፈ የአንቲቦዲም የፒሲአርም ኔጌቲቭ ትርጉም የለውም። አራት ነገሮች በወረቀቱ ላይ ቢኖሩ ውጤቱን የሚያነበው ሰው አይስትም፦ ሕመሙ የጀመረበት ቀን፣ የተወሰደ ጸረ ተሕዋስያን መድኃኒትና የጀመረበት ቀን፣ የመከላከያ ድካም ወይም የተሰጠ ኢሚዩኖግሎቡሊን፣ ባለፉት ወራት የነበረ የጉዞ፣ የጎርፍ፣ የወንዝ ውሃ ወይም የእንስሳት ንክኪ። የመጨረሻው በሳምንታት ብቻ ባይወሰን ይመረጣል፤ በሽታው ጤናማ ሰው ላይ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ውስጥ ቢሆንም፣ የዚህ ልጅ ጉዳይ መከላከያው በደከመ ሰው ላይ በወራት መጠየቅ እንደሚገባ ያሳያል።

ሦስተኛው ስሌቱ ነው። ሴንሲቲቪቲውም ስፔሲፊሲቲውም 90 በመቶ የሆነ ፈጣን የአይጂኤም ኪት አለ እንበል። ከ1,000 ትኩሳት ካላቸው ሰዎች 50ዎቹ ብቻ ሌፕቶስፓይሮሲስ ካለባቸው፣ ኪቱ 45ቱን ይይዛል፤ ከቀሩት 950 ውስጥ ደግሞ 95ቱን በስህተት ፖዚቲቭ ይላል። ከ140 ፖዚቲቭ ውስጥ እውነቱ 45 ነው፤ ከሦስቱ ሁለቱ ሐሰት ማለት ነው። ያው ኪት ከጎርፍ በኋላ በተነሳ ወረርሽኝ፣ ከ1,000ው 300ው በታመሙበት ቦታ ቢሠራ ከ340 ፖዚቲቭ 270ው እውነት ይሆናል። ኪቱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የተሠራበት ሕዝብ ነው። በሦስተኛው የሕመም ቀን ከተሠራ ደግሞ 90 የተባለው ሴንሲቲቪቲ ራሱ ብዙ ይወርዳል።

ይህ ስሌት በኢትዮጵያ በቀጥታ ይመለከተናል። በብዙ ጤና ጣቢያ ወባ ኔጌቲቭ የሆነ ትኩሳት የሚለየው ታይፎይድንና ታይፈስን በሚፈልጉት በዊዳልና በዌይል ፊሊክስ ምርመራዎች ነው፤ ሌፕቶስፓይሮሲስ በዝርዝሩ ውስጥ አይገኝም። በወንጂ ሆስፒታል ትኩሳት ባላቸው ሕሙማን ላይ ተሠርቶ በ2004 የታተመ ጥናት የሌፕቶስፓይራ አንቲቦዲ ያላቸውን ሰዎች አግኝቷል፤ የሸንኮራ እርሻ፣ የመስኖ ውሃና አይጥ በአንድ ቦታ ሲገናኙ ይህ የሚጠበቅ ነው። ፈጣን ኪት ገዝቶ ለሁሉም ትኩሳት መክፈት ግን ከላይ የታየውን ሐሰተኛ ፖዚቲቭ ያመጣል። በእኛ አገር ላይ የሚጨመር ሌላ ነገርም አለ፦ በቅማል የሚተላለፈው ግርሻ። የግርሻው ባክቴሪያ ቦሬሊያ የሌፕቶስፓይራ የሩቅ ዘመድ ስለሆነ የአይጂኤም ኪቱን ሊያሳስት ይችላል፤ ቂጥኝም እንዲሁ።

ሁለቱን ለመለየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ቦሬሊያ ለወባ በሚዘጋጀው በጊምሳ በተቀለመ የደም ስላይድ ላይ፣ ትኩሳቱ ባለበት ሰዓት ከተቀዳ በግልጽ ይታያል፤ ሌፕቶስፓይራ በዚያ ስላይድ ላይ ጭራሽ አይታይም። የአይጂኤም ኪቱ ፖዚቲቭ ሲል መጀመሪያ ስላይዱን መልሶ ማየት፣ ስላይዱ ንጹሕ ከሆነ ኢዲቲኤውን ቱቦ ለፒሲአር ማስቀመጥ፣ ለታማሚውም ከ10 እስከ 14 ቀን በኋላ የሚመለስበትን ቀን በካርዱ ላይ ጽፎ መስጠት ይቻላል። ሕክምናው ይህን ሁሉ አይጠብቅም። በምልክቱና በተጋላጭነቱ ጥርጣሬው ከበረታ ዶክሲሳይክሊን ወይም ፔኒሲሊን ናሙናው በተቀዳበት ቀን ይጀመራል፤ መድኃኒቱ በተጀመረ በሰዓታት ውስጥ ትኩሳቱ ሊያሻቅብ፣ ታማሚውን ሊያንቀጠቅጠውና የደም ግፊቱ ሊወርድ ስለሚችል፣ የመጀመሪያውን ቀን በቅርብ መከታተል ያስፈልጋል።